ተነጥፎ የሚጠብቅ አልጋ

ፈንታዬ የአንሶላውን ሁለት ጫፍ ይዛ ወደ ኋላ አፈገፈገች። በዚያኛው ወገን የያዙት የፔንሲዮኑ ባለቤት እትዬ የኔአለም ናቸው። ሳብ አድርገው ወጠሩት፤ ተጠጋግተው አጠፉት፤ እንደገና ተራራቁ። ሁለቱም እጃቸውን አያዩም። ዓይናቸው እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ላይ ነው። ድምፁ ተዘግቷል። አንድ ትልቅ ነጭ መርከብ ሰማያዊ ውሃ ላይ በዝግታ ይሄዳል።

ጣቢያው ያንኑ ፕሮግራም ደጋግሞ ስለሚያሳየው፣ ፈንታዬ ቋንቋውን ባትሰማም ነገሩ ከገባት ቆይቷል። ሰዎቹ ማታ መርከቡ ውስጥ ባለው ክፍላቸው ይተኛሉ። ጠዋት መጋረጃውን ሲገልጡ አንድ ደሴት መስኮታቸው ሥር ቆሞ ይጠብቃቸዋል፤ ዘንባባው፣ ነጩ አሸዋ፣ ባሕሩ ውስጥ የገባች ትንሽ የእንጨት ድልድይ። በማግስቱ ሌላ ደሴት። ሻንጣ መጠቅለል የለም፣ መናኸሪያ መጋፋት የለም። የተኙበት አልጋ ራሱ ይዟቸው ይሄዳል።

እሷ ግን ከሁሉ ይልቅ የምትጠብቀው አንድ ቦታ ነበር። እንግዶቹ ደሴቱን ዞረው፣ ጸጉራቸው ረጥቦ፣ እየሳቁ ተመልሰው የክፍላቸውን በር ሲከፍቱ። ትተውት የወጡት አልጋ ተነጥፏል። ትራሱ ላይ ፎጣ ታጥፎ፣ ወፍ ሆኖ ተቀምጧል።

እዚህ ቤት የእህል ነጋዴውንም፣ የመንገድ መሐንዲሱንም፣ ለለቅሶ የመጣውንም አልጋ አንጥፋለች። ለሷ አንጥፎ የጠበቃት ሰው ትዝ አይላትም። አራስ ሳለች እናቷ አንጥፈውላት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግን ከአልጋው ስላልወረደች አልቆጠረችውም።

«ምን ያስተክዝሻል?» አሉ እትዬ የኔአለም።

«እንዲያው አንድ ቀን ብቻ» አለች፣ «አድሬበት፣ ጠዋት እንዳለ ትቼው ብወጣ። ስመለስ ተነጥፎ ባገኘው።»

እትዬ የኔአለም ሊስቁ ጀመሩና ፊቷን አይተው ተዉት። «መርከብ እንኳ የለኝም። ላይኛው የማዕዘን ክፍል ግን ባዶውን ነው። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት እንግዳውም ቀርቷል። አብሽሪ፣ ቅዳሜ ያንቺ ይሁን። ባልሽን ይዘሽ ነይ።»

አስቸጋሪው ባልየው ነበር።

አምባቸው የሚሠራው ወፍጮ ቤት ነው፤ ማታ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ ይገባል። ስትነግረው እየታጠበ ነበር። ውሃ የምታፈስለት እሷ ነች።

«እዚሁ መካነ ሰላም? ቤታችን እያለ?»

«አዎ።»

«አንቺ ሴት፣ ሰው ቢያየኝስ? አምባቸው አልጋ ያዘ መባሌ ነው። ከሚስቴ ጋር ነው ብል ማን ያምነኛል?»

«እኔ አምንሃለሁ።»

ፊቱን አበሰ። «ደግሞ ይኼ ደሴት የምትይው ቆላ አይደል? ወባ አለው።»

«ማን ደሴት እንሂድ አለህ?»

«በጾሙስ ምን ይበላሉ፣ እዚያ መርከብ ላይ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ነገሩን እንደ አንሶላ አጣጥፋ መደርደሪያዋ ላይ ታስቀምጠው ነበር። ልጃቸው ለትምህርት ደሴ ከሄደች ወዲህ ግን ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ በጸጥታው ውስጥ የታጠፈው ሁሉ ይታያት ጀምሯል። «ካልመጣህ ብቻዬን አድራለሁ» አለችው። ተናግራ ስትጨርስ ራሷ ደነገጠች፤ ብቻዋን ካደረች አልጋውን መልሳ የምታነጥፈው ያው እሷው ነች።  እሱ ቅዳሜ ጠዋት፣ ይምጣ ይቅር ሳይለይላት፣ እንደ ወትሮው ወደ ሥራው ሄደ።

ቅዳሜ ወደ ማታ ከእትዬ የኔአለም አጠገብ ተቀምጣ በሩን በሩን ታያለች። ከአቀስታ የሚመጣው ሚኒባስ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሰው አወረደ። ከተሳፋሪዎቹ መጨረሻ ጋቢውን ያጣፋ፣ የልጃቸውን የድሮ ሻንጣ የተሸከመ ሰው ወረደ። ፊቱ ላይ ዱቄት የሚባል ነገር የለም። አምባቸው ነው። ከከተማው ወጥቶ ራቅ ብሎ በእግሩ ሄዶ፣ ሚኒባሱን መንገድ ላይ አስቁሞ ነው የመጣው።

«አልጋ ይኖር ይሆን?» አለ፣ ወደ ሚስቱ ሳያይ።

«ከወዴት ነው እንግዳ?» አሉ እትዬ የኔአለም።

«ከአቀስታ።»

«ብርዱ እንዴት ነው?»

«እ... ያው ነው።»

«መታወቂያ።»

ሰጣቸው። ከዓይናቸው አርቀው ቀስ ብለው አነበቡት። «ይኸው የመካነ ሰላም ሰው ነህ። ቤትህ ምን ሆነ?»

«ሚስቴ አስወጣችኝ፣ እትዬ።»

ፈንታዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ጠዋት ቀድማው ነቃች። መስከረም ነው፤ ሲዘንብ አድሯል። መጋረጃውን ስትገልጥ ከከተማው ቆርቆሮ ባሻገር ምድር የለም። ጉም ሸለቆውን ሞልቶ ነጭ ውሃ ሆኗል፤ የአምባዎቹ አናት ብቻ እዚህም እዚያም ብቅ ብሏል። በአንዱ ላይ፣ በዛፎች መካከል፣ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ያበራል። በረንዳው ላይ ወጥታ ብረቱን ያዘች። ጉሙ ወደ ግራ በዝግታ ይፈሳል። ጥቂት ቆይቶ የሚሄደው ጉሙ ሳይሆን ቤቱ መሰላት። አምባዎቹ አንድ በአንድ እየቀረቡ፣ እየታዩ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ከኋላዋ አልጋው፣ ባሏ፣ ሻንጣው፣ ሁሉም አብሯት ይሄዳል።

ተመልሳ ስትገባ እጇ ሳታዝዘው አንሶላውን ያዘ።

«ተይው» አለ አምባቸው፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «እንግዳ አልጋ አያነጥፍም። ሂጂ፣ ደሴትሽን እይ።»

እጇ ላይ ምንም ሳትይዝ የከተማውን መንገድ ሄዳው አታውቅም። እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት ቆይታ ነጠላዋ ውስጥ አስገባቻቸው። ከከተማው ዳር ካለ የድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጣ፣ ፀሐይ ውሃውን ቀስ በቀስ እስክትጠጣው፣ ደሴቶቹ ሥር እያወጡ ተራራ እስኪሆኑ ድረስ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ተመለሰች።

በሩን ከፈተች። አልጋው ተነጥፏል። አንሶላው በአንድ ወገን መሬት ይነካል፣ በሌላው ፍራሹን አልሸፈነም። አምባቸው በጉልበቱ ተንበርክኮ ከፎጣ ጋር ይታገላል።

«አህያ ነው?» አለችው።

«ወፍ ነው። ጆሮ የመሰለሽ ክንፉ ነው። ደግሞ ገና አልጨረስኩም፣ ውጪ።»

አልወጣችም። ልታስተካክልለትም አልተጠጋችም። ዓይኗ እየተሞላ ደፉ ላይ ቆማ ጠበቀች። አምባቸው የፎጣውን የመጨረሻ ጫፍ ከሥር ሸጎጠ፤ ትራሱ ላይ አስቀመጠውና እጁን አነሳ።