በማን ስም ትብረር

መስከረም 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የመስቀል ማግስት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አንጋጫ በገዛ ግቢው የሰደበኝ ታላቅ ወንድሜ ገብርኤል ላሬቦ ነው። ቀኑን ጽፌ አስቀምጬዋለሁ። ቅርጫው ተከፋፍሎ አሥራ አንድ ሰው ተቀምጦ ነበር። እኔ ሥጋ እየቆረጥኩ "ልጄ ሶስና አምና ከክፍሏ አንደኛ ወጣች" አልኩ። ቢላዋውን ከእጄ ወሰደና "የማን ልጅ? መካን ሰው የሰው ልጅ በስሙ አስመዝግቦ አባት ይሆናል እንዴ?" አለ። የሳቁት ስድስት ናቸው። ስማቸውን አንድ በአንድ አውቃለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ገብርኤልን ጋሼ ብዬው አላውቅም።

እውነቱ ይኼ ነው። የሶስና እናት፣ የገብርኤል የመጀመሪያ ሚስት፣ ስትሞት ልጅቷ ሁለት ዓመት አልሞላትም ነበር። ገብርኤል ሌላ ሚስት አገባ፤ ሚስቲቱ የሌላ ሴት ልጅ አላሳድግም አለች። እኔና ባለቤቴ ብርነሽ ሆሳዕና አምጥተን አሳደግናት። አንደኛ ክፍል ላስመዘግባት ስሄድ መዝጋቢዋ "የአባት ስም?" አለችኝ። "ወንዳፈረው" አልኩ። የራሴን ስም። በእኛ ዘንድ ይኼ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አጎት ያሳደገው ልጅ በአጎቱ ስም ይማራል። ወረቀት ከወረቀት ጋር አንድ ቀን ይጣላል ብሎ ማን ያስባል?

እኔ ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። መናኸሪያ ውስጥ ስጭን ሳወርድ ኖሬ፣ ኋላ ተራ አስከባሪ ሆንኩ። መንጃ ፈቃድ ላወጣ ሄጄ ትምህርትህ አይበቃም ብሎ የመለሰኝ ሰውዬ መልኩ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። "አንተ ማስጫኑ ይበቃሃል" ነው ያለኝ፤ ሐምሌ 1998። ስለዚህ ሶስና ባለፈው ጥር መናኸሪያ ድረስ መጥታ የፓይለት ማሠልጠኛውን ፈተና አለፍኩ ስትለኝ፣ ያ ሰውዬ ሞቶ እንዳይሆን ብዬ ነው መጀመሪያ ያሰብኩት። እንዲሰማ ፈልጌ ነበር።

ሻይ ቤቱ በር ላይ ተቀመጥን። እንግሊዝኛውን አልፋለች። የሐኪም ምርመራውንም፣ ዓይን ጆሮ ልብ ሳይቀር፣ አልፋለች።

"እንግዲህ ፓይለት ሆንሽ በይኛ!"

"ኧረ አባዬ፣ ገና ነው! መጀመሪያ የተማሪ ፈቃድ ነው የሚሰጡኝ። በሱ አስተማሪው ሲፈቅድልኝ ብቻ ነው ለብቻዬ የምበረው፤ ሰው ማሳፈር የለም። ቀጥሎ የግል ፈቃድ አለ። ቢያንስ አርባ ሰዓት በርሬ፣ ተፈትኜ። ያኔ ሰው አሳፍራለሁ፣ ግን ክፍያ አልቀበልም።"

"በነፃ? እንደሱ ቢሆን ከዚህ ግቢ አንድም መኪና አይወጣም።"

"የሚያስከፍለው የንግድ ፈቃዱ ነዋ! እሱ ሁለት መቶ ሰዓት ነው፤ እንደኛ በተከታታይ ለሚሠለጥን መቶ ሃምሳ። ደመና ውስጥ ገብቶ መሣሪያ ብቻ እያዩ ለመብረር ደግሞ ሌላ ተጨማሪ ፈቃድ አለው።"

"ደመና ውስጥ ለመግባት? የዶዮገና ሾፌሮች ክረምቱን ሙሉ ደመና ውስጥ ነው የሚነዱት፣ ማን ፈቅዶላቸው!"

ሻይዋ ትን አላት። ስቃ ስቃ እንባዋን ጠረገችና ቀጠለች። ለባለ ሁለት ሞተር ለብቻ፣ ለእያንዳንዱ ትልቅ አውሮፕላን ዓይነት ለብቻ ፈቃድ ያስፈልጋል። የአየር መንገድ ዋና አብራሪ ለመሆን አንድ ሺህ አምስት መቶ ሰዓት።

"እያንዳንዷ ሰዓት በስሜ መዝገብ ላይ ትጻፋለች። መጀመሪያው ፈቃድ ላይ የወጣው ስም ነው እስከ መጨረሻው አብሮኝ የሚሄደው።" ብርጭቆዋን አስቀመጠች። "ችግሩም እሱ ነው አባዬ።"

የትምህርት ማስረጃዋ ሶስና ወንዳፈረው ይላል። የልደት ምስክር ወረቀቷ ግን ከቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ የተወሰደ ነው፤ እዚያ ላይ ሶስና ገብርኤል ናት። መታወቂያዋም እንደዚያው። ማሠልጠኛው "ሁለት ሰው ነሽ" ብሏታል። በሃያ ቀን ውስጥ የፍርድ ቤት ውሳኔ ካላመጣች ቦታዋ ለተጠባባቂ ይሰጣል።

"መታወቂያውን በኔ ስም እናስቀይረዋ" አልኩ።

"ጠይቄያለሁ። ጉዲፈቻ ነው የሚሆነው፤ ወራት ይፈጃል። አንተ ቀርበህ ልጄ አይደለችም፣ እሱ ቀርቦ ልጄ ናት ካላችሁ ግን በአንድ ቀጠሮ ያልቃል።" ዓይኗን ከኔ አሸሸች። "ደውዬለታለሁ። እመጣለሁ ብሏል። ማሠልጠኛው ለሚጠይቀው ዋስም ይሆነኛል፤ ዋሱ የመንግሥት ደመወዝተኛ መሆን አለበት። ብቻ... ያለ ፈቃዱ ነው ያስመዘገብኳት ብለህ እንድትመሰክር ይፈልጋል።"

አራት ቀን ሙሉ አመነታሁ። አምስተኛው ቀን ላይ ብርነሽ ልብስ እያጠበች ቀና አለችና "ስሙን ልትበላው ነው?" አለችኝ። "አንቀልባው የኔ ጀርባ ላይ ነበር። እኔን በየትኛው ወረቀት ጻፉኝ? ጮኼ አውቃለሁ?"

በቀጠሮው ቀን ሄድኩ።

ፍርድ ቤቱ ውስጥ ገብርኤል ከረባት አስሮ፣ ሁለት የአንጋጫ ምስክሮች ግራና ቀኝ አስቀምጦ ጠበቀን። ከነዚያ ከሳቁት ስድስቱ ውስጥ ናቸው ሁለቱም። ዳኛዋ ወጣት ናት። ቃለ መሐላ አስፈጽማኝ "ሶስና ልጅዎ ናት?" አለችኝ።

"አይደለችም፣ ክብርት ዳኛ።"

"ታዲያ ለምን በስምዎ አስመዘገቧት?"

ጳጉሜ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. በስሜ ላስመዘግባት ነው ብዬ ደውዬለት "እንደፈለግክ አድርግ፣ እኔን አታድርቀኝ" ያለኝ ገብርኤል ነው። እሱም ያውቃል። ከረባቱን እያስተካከለ አየኝ። ሶስና ወለሉን ታያለች።

"ያለ ወንድሜ ፈቃድ ነው ያስመዘገብኳት" አልኩ። በመስቀል ምዬ ዋሸሁ። ለሰው ስል በመሐላ ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው፤ እግዜር የሚያየውን ይይ።

ከሰዓት በኋላ ውሳኔው ተሰጠ። ሁለቱም ስም የአንድ ሰው ነው፤ ከእንግዲህ በሁሉም ማስረጃ ሶስና ገብርኤል ላሬቦ ትባላለች። ማኅተሙ ሲመታ ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ፊቷ ላይ ደስታም ሌላም ነበረ።

በር ላይ ገብርኤል ትከሻዋን አቀፈ። ስልኩን ወደኔ ዘረጋ።

"በል፣ ካፒቴኗን ከአባቷ ጋር አንሳን።"

"እሱም ይግባ" አለች ሶስና።

"አልሰማሽም እንዴ? አሁን ዳኛ ፊት ልጄ አይደለችም ብሏል እኮ!" ምስክሮቹ ሳቁ። "መናኸሪያ ለመድኩ ብሎ አየር ላይም ተራ ሊያስከብር አስቦ ነበር። ሰውዬ፣ አውሮፕላን በፉጨት አይጠራም!"

መልስ ሞልቶኝ ነበር። ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ። ኩፍኝ የያዛት ሳምንት የት ነበርክ? የመጀመሪያ ቁርባኗ ቀን የት ነበርክ? አፌ ድረስ መጣ። ግን የዋስነቱን ፎርም የሚፈርመው ነገ ጠዋት ነው፤ ለገብርኤል ደግሞ ቃል ማጠፍ ኮት እንደማውለቅ ቀላል ነው።

ስልኩን ተቀብዬ አነሳኋቸው።

ገብርኤል ፎቶውን አየና ፊቱን አጨማደደ። "ይኼን እንኳ አትችልም? እሷ ወደ ካሜራው አላየችም፤ አንተን ነው የምታየው። እንደገና አንሳ።"

ስልኩን ደረጃው ላይ አስቀመጥኩ። "አባዬ" አለችኝ ሶስና፣ ቀስ ብላ። ገብርኤል "አንተ! ምን ሆነህ ነው? ሰው ሲያናግርህ አትመልስም?" እያለ ከኋላዬ ይጮሃል።

ኮፍያዬን አጠለቅኩና ቁልቁል መንገዱን ይዤ ሄድኩ።