ሠላሳ ዓመት የዘገየ ዙር

እና ይቺኛዋን ኮረብታ ስንታጠፍ ምን እንደማሳያት እኔም አላውቅም፣ ጉማሬው የታለ ትለኛለች ሚስቴ ከኋላዬ፣ ድንጋይ መስሎህ የተቀመጥክበት፣ ጀርባው ላይ እንዳለህ ውሃ ይዞህ የገባው፣ ሞቷል እላታለሁ፣ ሠላሳ ዓመት እኮ ነው፣ ልጆቹስ፣ ተሰደዋል፣ አይ አንተ ሰውዬ፣ ጉልበቷን በመዳፏ ደግፋ ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ።

ስንት ውሃ ነው ጃል።

አባቷን ከቀበርን ገና ወሩ ነው፣ ጉልበቴ ጨርሶ ሳይከዳኝ እኔን ለማግባት የዞርክበትን መንገድ አሳየኝ አለች፣ እኔም ምላሴን ይቁረጠውና እሺ አልኩ፣ ይኸው ጎህ ሲቀድ ወጥተን በእግራችን፣ አባቷ ነፍሳቸውን ይማርና ጉደኛ ሰው ነበሩ፣ እኔና አናጢው በአንድ ሳምንት ልጅዎን ብለን ብንቀርብ ከተቀመጡበት ሳይነሱ ሐይቁን በከዘራቸው አሳዩን፣ ይሄን በአንድ ቀን ዞሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ የመጣ ይውሰዳት፣ አለቀ። አናጢው ሄደ፣ እንደሚሰራው እንጨት በውሃ ልክ ተለክቶ የተሰራ የሚመስል ቀጥ ያለ ሰው፣ ማታ በሄደበት በኩል ተመልሶ መጣና ግማሹ ላይ አቃተኝ አለ፣ በሰው ሁሉ ፊት። እኔ በማግስቱ ጠዋት በዚህ ሄድኩ፣ ማታ በዚያ መጣሁ፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ፣ እስከ አንገቴ ወሬ። ጉማሬው፣ ተራ ይዘው የሚጮኹት እንቁራሪቶች፣ ጥጃ የሚያህለው ዓሣ፣ ሁሉም የዚያን ቀን ልጆች ናቸው።

እኔ ደግሞ የመጀመሪያዋን መታጠፊያ አልፌ አላውቅም።

አሁን ኮረብታው አናት ላይ ነን፣ ኧረ እግዜር ያሳያችሁ፣ ተራራው በአናቱ ተተክሎ ውሃው ውስጥ ቆሟል፣ ደመናው ከላይም ከታችም፣ አንድ ነጭ ወፍ ሁለት ሆኖ ይበርራል፣ ንፋስ ይነካውና መላው ሐይቅ እንደ ፈረስ ቆዳ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ዝም። ዝም ሲል ደግሞ ጆሮዬ ውስጥ ደሜ ሲሄድ ይሰማኛል። ሰባት አገር ያጠጣል እያልኩ ስዋሽበት ኖሬ፣ ለካ አሳንሼው ነው።

እታች ዳር ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ይጠግናል፣ የማዶ ሰዎች ናችሁ አይደል ይላል፣ ማዶ፣ እኛ፣ ማዶ እኮ እናንተ ናችሁ ልለው ዞር ብል መንደራችን አንድ ቁንጥር ጭስ ሆኗል፣ አውራ ጣቴን ባቀና ጥፍሬ ስር ገባ፣ የተዳርኩበት፣ አራት ልጅ ያሳደግኩበት፣ የተሳቀልኝና የተሰደብኩበት ሁሉ፣ በአንዲት ጥፍር።

ስሚ፣ እኔ እዚህ መጥቼ አላውቅም።

ሳቀች፣ እስክትቀመጥ ሳቀች፣ እናቴ ትሙት አልኩ፣ ብሶባት እንባዋ ወረደ፣ ምን ያለ ቀልደኛ ነው ሰውዬሽ አለ ዓሣ አጥማጁ፣ ኧረ እሱስ ሲፈጥረው ነው አለች። ወይ ጣጣዬ፣ ያን ሁሉ ዘመን ስዋሽ ያመነችኝ ሴት፣ አንዴ እውነት ብናገር።

እንሄዳለን፣ ሸምበቆ፣ ጭቃ፣ የላስቲክ ጫማዬ ተረከዜን በላው፣ ዓሣና እንቁራሪት መቀባጠር ያምረኛል፣ አይመጣልኝም፣ ፀሐይዋ ወደ ጎን ስታጋድል ውሃው ይቀላል፣ ቀጥሎ ወርቅ ይሆናል፣ ቀጥሎ ስም የሌለው ነገር፣ ከሸምበቆው ውስጥ አንድ ሺህ ወፍ በአንዴ ይነሳል፣ አንድ ሺህ ነው የምለው፣ ዛሬ አልጨመርኩም፣ ሰማዩ ይጨልምና መልሶ ይበራል፣ አፌ ተከፍቶ ቀርቷል።

ምን ሆነህ ነው ዝም ያልከው፣ ትላለች።

ቀና ብላ ፊቴን ታያለች፣ ሐይቁን ሳይሆን ሐይቁን የማይበትን ዓይኔን፣ ሳቋ ከከንፈሯ ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል። ቀድሞ ያየው ሰው እንዲህ አያየውም፣ ትላለች። አልመጣህም።

አልመጣሁም።

ታዲያ ያን ቀን የት ዋልክ?

እናንተ ቤት፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ከእንጨቱ ክምር ኋላ። መታጠፊያዋ ጋ ስደርስ ስፋቱን አየሁ፣ ፈራሁ፣ እንዳናጢው አቃተኝ ብል አጣሻለሁ፣ በጓሮ ተመልሼ ተደበቅኩ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጭቃ ረግጬ በወዲያ በኩል ብቅ እስክል፣ ቀኑን ሙሉ ልብስ ስታጥቢ አየሁሽ፣ ሁለቴ ዘፈንሽ፣ አንዴ አለቀስሽ፣ ለማን እንዳለቀስሽ ጠይቄሽ አላውቅም፣ ያልዞረ ሰው በምን አፉ ይጠይቃል።

ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጫማዋን አውልቃ ጠጠሩን አራገፈች፣ ለረጅም ጊዜ አራገፈች፣ ሐይቁ እግሯ ስር ትንፋሹን ያወጣል ያስገባል፣ ያኔ አናጢው እውነቱን ነው የተናገረው አለች፣ አዎ አልኩ፣ ትሄዳለች ብዬ አሰብኩ፣ ወዴት እንደምትሄድ እንጃ፣ ብቻ ትሄዳለች፣ ይሄን ሁሉ ውሃ አይቼ እንደዚያች ደቂቃ ያለ ጥልቅ ነገር አላየሁም።

ጫማዋን አጠለቀች። ፀሐይዋን አየች፣ ለተራራው ሁለት ጣት ቀርቷታል።

ገና አልጨረስክም አለች፣ ተነሳ።

ጉልበቷን ሳትደግፍ፣ ዞራ ሳታየኝ ቀድማ ሄደች፣ እኔ ከኋላ፣ እያነከስኩ፣ እየሮጥኩ፣ ግራዬ በሙሉ እሳት የሆነ ውሃ፣ አራት ልጅ የወለደችልኝ ሴት ገና ሚስቴ አይደለችም፣ ፀሐይዋ የተራራውን ጫፍ ነካች፣ እባክሽ ትንሽ ቆዪኝ እላለሁ፣ ለሁለቱም፣ እባክሽ፣