የሩቲ ግንባርና ሙጫው

«ይኸው ተመልከተው፤ ተከፍቷል!»

ምስጢር ልጇን ሩቲን እንዳቀፈች የክሊኒኩን በር በክንዷ ገፍታ ገባች። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ነው የመጡት። እናቷ ወይዘሮ ገዲሴ የልጅቷን ሹራብና አንድ እግር ጫማ ይዘው ከኋላ ከኋላ ይከተላሉ። ሌላኛው እግር ባጃጁ ውስጥ ሳይወድቅ አልቀረም። ሌላ ቀን ቢሆን ሾፌሩን እየተጣሩ በሮጡ ነበር።

ጤና መኮንኑ ኢያቄም ሩቲን አልጋው ላይ አስቀምጦ ግንባሯን ወደ መብራቱ አዞረ። ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ መካኒሳ አቦ ከሚኖሩበት ግቢ የብረት በር ጋር ተጋጭታ ስትመጣ ቁስሏን የዘጋላት እሱ ነው። ከቅንድቧ በላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር የማትሞላ፣ ቀጥ ያለች ቁስል ነበረች። አጠበው፣ አደረቀው፤ ሁለቱን ጠርዝ በጣቶቹ ገጥሞ እስክሪብቶ ከመሰለች ነገር ሐምራዊ ፈሳሽ በላዩ ላይ ቀባበት።

«በሙጫ? ልጄ ጫማ ናት እንዴ?» ብለውት ነበር ወይዘሮ ገዲሴ።

«የቆዳ ሙጫ ነው እማማ፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ። መርፌ የለ፣ ክር ማውጣት የለ። ሳምንት አሥር ቀን ቆይቶ ራሱ ተልጦ ይወድቃል። እርስዎ ብቻ እንዳትነካካው ይጠብቁልኝ፤ ውሃ ውስጥ አይዘፍዝፉት፤ ቅባት የሚባል ነገር እንዳይነካው።»

ሰምተዋል። ስምንተኛ ክፍል የጨረሱ ሴት ናቸው፤ የሰጣቸውንም ወረቀት ሁለቴ አንብበዋል።

ዛሬ ጠዋት ግን ሩቲ ከሕፃናት መዘምራን ጋር መድረክ ላይ ልትቆም ነበር። ፊቷን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ሲያበቁ ደርቆ አመድ መሰለባቸው። የአራት ዓመት ልጅ እንዲህ ሆና ምዕመን ፊት ትቁም? የማን ልጅ ናት አይባልም? ከቫዝሊኑ በጣታቸው ዛቅ አድርገው ጉንጯን፣ አገጯን፣ አፍንጫዋን ቀቡ። ግንባሯ ብቻውን ቀርቶ ሲያዩት እጃቸው አላርፍ አለ። ዳር ዳሩን ብቻ ነበር ያሰቡት። ከዚያ ሙጫው ራሱ የደረቀ መሰላቸው፤ እንዳይሰነጠቅ ብለው እላዩም ላይ ትንሽ አስነኩት። ሦስተኛው መዝሙር ላይ ሩቲ ላቧን በእጇ ስትጠርግ ሙጫው ከጫፉ ተነሣ፤ ቀጭን ደም ወደ ቅንድቧ ወረደ።

ይህን ቅባት ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም።

ምስጢር ለቡ ሰፈር፣ የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ነው የምትሠራው። ከጠዋት እስከ ማታ ሩቲ በእሳቸው እጅ ናት፤ ከበሩ ጋር የተጋጨችውም በእሳቸው እጅ ሳለች ነው። ትናንት እራት ላይ ምስጢር ቀና ሳትል «አንቺም ደከምሽ እማዬ፤ ሕፃናት ማቆያ ባስገባትስ?» ብላለች። ማቆያ! ለዚያ ሁሉ ልጅ ስንት ሞግዚት ሊኖር ነው? ምግብ ትን ቢላት ማን ያያታል?

«ቅባት ነክቶታል?» ኢያቄም ጠየቀ።

«ኧረ ምን ቅባት!» ምስጢር ቀደመች። «እናቴ እኮ ናት የያዘቻት! ወረቀትህን ፍሪጅ ላይ ለጥፋዋለች። ሙጫችሁ ነው የማይረባው።»

«እኔም ገርሞኛል፤ በአንድ ቀን መልቀቅ አልነበረበትም።» ኢያቄም ጣቱን ወደ ቁስሉ አስጠግቶ መለሰው። «ያለምክንያት ከለቀቀ ደግሜ ባደርገውም አላምነውም። እንግዲህ ሁለት ስፌት ማድረግ ነው።»

ከመሳቢያው የመርፌና ክር እሽግ አወጣ።

«መርፌ ነው?» አለች ሩቲ።

«ትንሽዬ ናት፣ የኔ ቆንጆ።»

«ትንሽዬም አልፈልግም! ሙጫ ነው የምፈልገው! አያዬ፣ ሙጫ በይው!»

ወይዘሮ ገዲሴ ሹራቡን አጠፉት፤ መልሰው ዘረጉት። ሁለት ስፌት ምን አላት? አልቅሳ ትረሳዋለች። ማቆያው ግን የየቀን ነው። ኢያቄም የእሽጉን ጫፍ በሁለት ጣቱ ያዘ።

«ቆይ» አሉ። «ቫዝሊን ቀብቻታለሁ። ጠዋት። እላዩ ላይ።»

ምስጢር ዞራ አየቻቸው። «እማዬ!»

«አመድ መሰለችብኝ።»

«ወረቀቱን ፍሪጅ ላይ ለጥፈሽ?»

«ለጥፌ።»

ኢያቄም ሳቁን ለመዋጥ ጎንበስ ብሎ ቁስሉን እንደገና አየ። «እንዲያ ከሆነማ ሙጫው አላጠፋም። ቅባት ያላቅቀዋል። ቁስሉ ንጹህ ነው፤ ገና አንድ ቀኑ ነው። ቅባቱን አስለቅቄ፣ ደህና አድርጌ አጥቤ እንደገና እዘጋዋለሁ።» እሽጉን ሳይቀደው ወደ መሳቢያው መለሰ። «ጭንቅላቷን ማን ይያዝልኝ? ትናንት እማማ ነበሩ።»

ሩቲ እጇን ወደ አያቷ ዘረጋች።

ወይዘሮ ገዲሴ ሹራቡን ደረታቸው ላይ እንደያዙ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«አንቺ ያዢያት» አሏት ልጃቸውን። «ማቆያውንም ነገ አብረን ሄደን እናየዋለን። ስንት ሞግዚት እንዳላቸው ግን የምጠይቀው እኔ ነኝ።»