የጨዋ ሰው እምቢታ

አናጢው የአጥቢያው ሽማግሌዎች ሰብሳቢ መሆን ከፈለገ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። በአዳራሹ የሚሰበሰበው አራት ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ ነው፤ ሰብሳቢነቱም ከአንዱ ቋንቋ ወገን ወደ ሌላው በየተራ ይዞራል። ዘንድሮ ተራው የአናጢው ወገኖች ሆነ።

የወረቀት ምርጫው እንዲቀር፣ ከሩቅ የመጣውን አዲሱን መጋቢ ቢሮው ድረስ ሄዶ የወተወተው ራሱ ነው።

“እኛ ጋ ሰው በወረቀት አይሾምም። ይለመናል፤ ጨዋ ከሆነ ሦስቴ እምቢ ይላል። ከዚያ ሕዝቡ ተነስቶ በግድ ያስቀምጠዋል። ክርስቶስስ ትሑት አልነበር?”

የሕዝቡን ባህል ያከበረ አመራር ሲመኝ የኖረው መጋቢ ደስ ብሎት ቃል በቃል ጻፈ። አናጢውም በልቡ ሳቀ። በድብቅ ወረቀት ማን ምን እንደሚጽፍ ምኑ ይታወቃል!

እሁድ መጋቢው ከእጩዎቹ ሁሉ አስቀድሞ እሱን ጠራ። “ይህን አገልግሎት ይቀበላሉ?”

“ኧረ እኔ አልበቃም!” አለ አናጢው አንገቱን ደፍቶ።

ሁለተኛ ተጠየቀ። “ከኔ የሚሻል ሞልቷል።”

ሦስተኛ ተጠየቀ። “ተዉኝ፣ በእግዚአብሔር!” እጁን ሁሉ አርገበገበ። እምቢታ እንዲህ አምሮ አያውቅም።

መጋቢው እንደተማረው ወደ ሕዝቡ ዞሮ ጠበቀ።

ማንም አልተነሳም። አናጢው በጉባኤ ፊት “ሰነፍ” ብሎ ያዋረደው ልብስ ሰፊ ጫማውን ያያል። የልጇን ሰርግ በአዳራሹ እንዳታደርግ የከለከላት ባልቴት የመዝሙር መጽሐፏን ታገላብጣለች። የገዛ ወንድሙን ሳይቀር ሳል ያዘው። አናጢው አንገቱን እንደደፋ በዓይኑ ጥግ ሕዝቡን ቃኘ። አንድ ሰው፣ ምነው አንድ ሰው እንኳ!

መጋቢው ወጉን ጠንቅቆ ይዞታልና ብዙ ጠበቀ። በመጨረሻ “ፈቃድዎን እናከብራለን” ብሎ ወደ ሁለተኛው እጩ፣ ወደ ዳቦ ጋጋሪው፣ ዞረ።

ዳቦ ጋጋሪው ሦስተኛ እምቢታውን ሳይጨርስ ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ተነሳ። ልብስ ሰፊው ክንዱን ይዞ ይጎትታል፤ የአናጢው ወንድም፣ ሳሉ ለቆት፣ ከኋላ ይገፋል።

አናጢው ቤቱ ሲደርስ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ሚስቱ ላይ ጮኸ። “ሌላው ይሁን! አንቺ ምን ነክቶሽ ነው ዝም ያልሽው? አንቺ ብትነሺ ሁሉም ይነሳ ነበር!”

“ልነሳ ነበር” አለች ጫማዋን እያወለቀች። “ከዚያ ዞር ብዬ አየኋቸው፤ አሳዘኑኝ። እኔስ አንዴ አግብቼሃለሁ። እነሱ እንኳ ይትረፉ ብዬ ነው።”