የታጠበው ኮት

«ዛሬም እምቢ አለች» አለች የሺ፣ ባዶውን ማለቢያ ዘቅዝቃ እያሳየች። ቀሚሷ ላይ የኮቴ ጭቃ ታትሟል። «ደግሞ ረገጠችኝ። እኔን! ከጥጃነቷ ጀምሮ የማሽላ ቅጠል ስሸመጥጥላት የኖርኩትን ጎረቤቷን!»

ምንጣፉ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ሊስቁ ቃጣቸው፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላቸው ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። በሩ ሥር የተቀመጠችው ዙልፋ አልሳቀችም። አላለቀሰችምም። አባቷ አያ አብዱልሐሊም ከተቀበሩ ይኸው ሁለተኛ ቀናቸው ነው።

«አባትሽን ትንሽ አሟቸዋልና ነይ» ነበር ያሏት በስልክ። መቼም እንዲህ ነው የሚባለው፤ መርዶ በስልክ አይነገርም። ከወልድያ ተሳፍራ መርሳ ወረደች፤ ከመርሳ በባጃጅ ወደ መንደሩ ስትቃረብ ከመቃብር የሚመለሰውን ሰው አየች። ከዚያ በኋላ ነጋሪ አላስፈለጋትም። ሁሉም «ሶብር ይስጥሽ» አላት እንጂ «ሞቱ» ያላት የለም። እሷም ቃሉን ከአፏ አላወጣችውም።

«ዓይኗ ደረቅ ነው» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

«ከተማ የኖረ ሰው ልቡም አስፋልት ይሆናል።»

«ዝም በይ፣ ትሰማሻለች።»

ዙልፋ ሰምታለች።

የሟች ታናሽ ወንድም ዓሪፍ ከወንዶቹ ድንኳን ተነስቶ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። «ሰጠች?»

«ምን ትሰጣለች፣ እርግጫ ነው እንጂ» አለች የሺ። «ግቷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። አንድ ቀን ከደገመች ጡቷ ይታመማል።»

ዓሪፍ ጺሙን አሻሸ። «እንግዲያው ለነገው ሰደቃ ትታረድ። ታማ ከምትባክን ለወንድሜ ዱዓ ይደረግባት። ወተት እምቢ ያለች ሥጋ ትስጥ።»

«እስከ ነገ ጠዋት ይታገሡኝ፣ አያ ዓሪፍ» አለች ዙልፋ። ከመጣች ወዲህ ረዘም አድርጋ የተናገረችው ይህን ነው።

«አንቺ ልታልቢ? ጡት ከጨበጥሽ አሥር ዓመት አልሆነሽም?»

«ሆኖኛል። እስከ ነገ ጠዋት።»

«መልካም። ጀምበር ስትወጣ ግን ቢላዋዬን እስላለሁ» ብሎ ሄደ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚባክን ነገር አይወድም እንጂ።

የላሚቱ የዳለቻ ነገር እንዲህ ነው። ዳለቻ የወለደችው ጥጃ ከወር በፊት ሞተባት። ጥጃ የሞተባት ላም ደግሞ ወተቷን ትይዛለች። ለዚህ አገሩ የታወቀ ዘዴ አለው፤ የጥጃው ቆዳ ይገፈፍና ገለባ ተሞልቶ ከአፍንጫዋ ሥር ይቆማል። ስትልሰው ልጇ ይመስላታል፤ ትለቃለች። ጎረቤቱ ሁሉ ይህንኑ መከራቸው። አያ አብዱልሐሊም ግን «እናትን በገለባ አላታልልም» ብለው ጥጃውን ከነቆዳው ቀበሩት። ከዚያ የማለቢያ ኮታቸውን እንደለበሱ ከጎኗ ተቀመጡ። አወሯት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ፉርሽካ መጥፋት፣ ወልድያ ስላለችው ልጃቸው ስልክ አለመደወል። ሦስት ቀን ታገሷት፤ በአራተኛው ሰጠች። ከእሳቸው ሌላ እጅ ግን አላስነካም አለች።

«ኮቱን!» አለች የሺ ድንገት። «ዙልፋ፣ ኮታቸውን ልበሺው። ጠረናቸውን ስታሸት ትለቃለች።»

ዙልፋ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ኮቱ ከበሩ ጀርባ ካለው ችካል ላይ የለም።

«ውጭ ነው ያለው» አለች የዓሪፍ ሚስት ከድጃ፣ ደስ እያላት። «ነገ ለምስኪን የሚሰጥ ልብስ በበረት ሽታ ይሰጣል እንዴ? ሁለት ጊዜ በሳሙና አሽቼ አጠብኩት። ቀለሙ ለካ አረንጓዴ ኖሯል!»

ከድጃ የሴቶቹን ፊት አየች፤ ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ወረደ።

ኮቱ አጥሩ ላይ ተሰጥቶ ይንጠባጠባል። ዙልፋ አንገትጌውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ሳሙና ነው የሚሸተው። ሌላ ምንም። አመሻሹ ላይ እርጥቡን ለብሳ በረት ገባች። ዳለቻ እጅጌውን አሸተተች፣ ተነፈሰች፣ ፊቷን አዞረች።

በድንኳኑ ውስጥ የቁርኣኑ ንባብ አብቅቶ ወንዶቹ ወሬ ጀምረዋል።

«አንድ ጊዜ መርሳ ላይ ወተት ገዢዋ፣ "አያ፣ ትንሽ ውሃ ጨምሩበት፣ ማን ያውቃል?" ብትላቸው፣ "ላሟ ታውቃለች" ብለው ጄሪካናቸውን ይዘው ተመለሱ አሉ።»

«እሱስ በጦርነቱ ጊዜ አይደለም እንዴ? እኛ ቆላ ለቆላ ስንሸሽ፣ "ላሜ መውለጃዋ ደርሷል፣ ምጥ ላይ ሆና ጥያት ልሂድ?" ብሎ ቀረ። ይችው ዳለቻ ያኔ ናት የተወለደችው።»

«ምስኪን። በሰላም ያሳደጋት ነገ ልትታረድ።»

ዙልፋ ከበረቱ ስትወጣ ይህን ሰማች። ወደ ቤት አልገባችም፤ ኮቱን አጥሩ ላይ መልሳ አስጥታ፣ አባቷ ሲያልቡ ይቀመጡባት በነበረችው ዱካ ላይ ቁጭ አለች።

አምስት ዓመቷ ሳለ እናቷ ሞተች። ያኔም ሴቶቹ ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ስበው፣ «እናትሽ ሐራ ገበያ ሄዳለች፤ ከረሜላ ይዛልሽ ትመጣለች» አሏት። ሁለት ቀን መንገድ ዳር ተቀምጣ ከሐራ የሚመለሰውን ሰው ፊት እያየች ዋለች። በሦስተኛው ቀን አባቷ እጇን ይዘው በረት አስገቧት። በዚሁ ዱካ ላይ ተቀምጠው የዳለቻን አያት እያለቡ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ነገሯት።

«እናትሽ ሞታለች። ሐራ የለችም። አትመጣም። እኔ ግን አለሁ።»

አለቀሰች። እሳቸው ማለባቸውን አላቋረጡም። ስትጨርስ ትኩሱን ወተት በኩባያ ሰጧት፤ ጠጣች። ሴቶቹ «ለሕፃን እንዲህ ይባላል? ምን ዓይነት ደንጊያ ነው!» ብለው አሟቸው። ዙልፋ ግን ከዚያ ቀን በኋላ መንገድ ዳር ተቀምጣ አታውቅም።

በማግስቱ፣ አባቷ በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን፣ ጎህ ሲቀድ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ማለቢያውንና ዱካውን ይዛ ገባች። ኮቱን አጥሩ ላይ ተወችው። ግቷን በሞቀ ውሃ አጠበች፤ ጡቶቿን ቅቤ ቀባች። ዳለቻ እግሯን አነሳች፣ አልረገጠችም፣ አሳረፈች። ወተት የለም። ከቤቱ ጀርባ የዓሪፍ ቢላዋ ሞረድ ላይ ሲሳል ይሰማል፤ ሸርር፣ ሸርር።

«ዳለቻ» አለች ዙልፋ። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ዝናቡ ዘንድሮም ዘግይቷል። የሺ እግሯን አሟታል፣ አንቺ ነሽ የረገጥሻት። ከድጃ ኮቱን አጥባዋለች፤ በደግ ነው፣ አትቀየሚያት።»

ላሚቱ ጆሮዋን ወደ ኋላ አዞረች።

«ስልክ አልደውልም ነበር። አብዬ እውነቱን ነው የነገረሽ።»

ሸርር፣ ሸርር።

«አብዬ ሞቷል» አለች። «መርሳ አልሄደም። አይመጣም።»

ግንባሯን የላሚቱ ጎን ላይ አሳረፈች። ሆዷ ሞቃት ነው፤ ይነሳል፣ ይወድቃል። «እኔ ግን አለሁ» ልትል አፏን ከፈተች፤ የወልድያው ቤቷ፣ ባሏ፣ የስፌት መኪናዋ ታወሷት። ውሸት ይሆናል። እናትን በገለባ ማታለል ይሆናል።

«እስከ አርባው አለሁ» አለች። «ከዚያ በኋላ የሺ ናት የምታልብሽ። ከአሁኑ ተለማመጃት።»

ያን ጊዜ እንባዋ መጣ። እጆቿ አልቆሙም፤ ይጎትታሉ፣ ይለቃሉ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላወቀችም። በመጀመሪያ አንድ ቀጭን የወተት ፍንጣቂ ማለቢያው ታች ላይ ነጠረ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ የሁለቱ እጅ ድምፅ ተቀባበለ፤ አረፋው ከፍ እያለ ሲሄድ ድምፁም እየወፈረ ሄደ።

የሞረዱ ድምፅ ቆመ።

ዓሪፍ የበረቱ አጥር ላይ ክንዱን አስደግፎ አየ። የወንድሙን ልጅ ፊት አይቶ ዓይኑን ወደ ማለቢያው መለሰ።

«ስንት ሆነ?»

«ግማሽ አልፏል።»

«ቢስሚላህ በይ እንጂ» አለ። ከዚያ ወደ ቤቱ ዞሮ ተጣራ። «ከድጃ! ያ ሙክትሽ የት ነው የታሰረው?»

«የኔ ሙክት? ምን አደረገ?» የሚል ድምፅ ከውስጥ ተሰማ። የሺ በሩ ላይ ሆና ሳቀች፤ በዚህ ጊዜ አፏን አልሸፈነችም።

ዙልፋ አልባ ጨረሰች። ማለቢያውን ይዛ ወደ አጥሩ ሄደች። ኮቱ ደርቋል፤ ንጹሕ ነው፣ የማንም አይመስልም። በመዳፏ ከትኩሱ ወተት ቀዳች፤ ቀኙን እጅጌ፣ እሳቸው ወተት ጠጥተው አፋቸውን ይጠርጉበት የነበረውን፣ ቀስ አድርጋ አራሰችው። ከዚያ ይዛው ገብታ ከበሩ ጀርባ ካለው ችካል ላይ መልሳ ሰቀለችው።