ተገልብጦ የታተመው ቲሸርት

የሰደበው የሟቿ ታላቅ ወንድም ነው። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ነበር፤ በእህቱ ቲሸርት ማተሚያ ሱቅ ውስጥ የሯጮቹ አሰልጣኝ ባንኮኒው ጋ ቆሞ፣ ሯጮቹ በር ላይ ተኮልኩለው፣ ወንድምየው ወደ እህቱ ዞረና «ፊደል የማይለይ ካውያ ጎታች ነው እንዴ ማሽን ላይ ያስቀመጥሽው?» አለ። ሯጮቹ ሳቁ። ከዚያን ቀን ወዲህ መንገዱ በሙሉ «ካውያው» ይለዋል፤ እናቱ ያወጣችለት ስም ተረስቶ ቀረ።

አሁን ያ ሰው በእህቱ ለቅሶ ላይ፣ ከካውያው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሻይ ያማስላል። ካውያውም አይኑን ሳይነቅል ያየዋል። ለዓመታት ሲያብሰለስለው የኖረው መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል።

«ዛሬ ልትለቅበት ነው አይደል?» አለ አጠገቡ የተቀመጠው ፀጉር አስተካካይ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሱቃቸው ግድግዳ ለግድግዳ ነው።

«ትንሽ ሰው ይብዛ።»

«ከዚህ በላይ ከበዛ እኔና አንተ ደጅ ልንወጣ ነው። ደግሞ ለቅሶ ቤት መሆኑን አትርሳ።»

«እሱስ ያኔ የሰው እንጀራ ላይ መቆሙን መች አስታወሰ?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቲሸርት ላይ የሚተኮስ ጽሑፍ ወረቀት ላይ የሚታተመው ተገልብጦ፣ በመስታወት ውስጥ እንደሚታየው ሆኖ ነው። ወረቀቱ በፊቱ ጥጡ ላይ ተደፍቶ፣ የጋለው ማሽን ሲጫነው ያኔ ይቃናል። እሱ ግን ሥራ ከጀመረ ገና ጥቂት ጊዜው ነበር፤ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ በዚያችው ንባቡ የሚኮራ ሰው። እትዬ የሚላት አሠሪው፣ ሟቿ፣ አዘጋጅታ የወጣችውን ኮምፒውተሩ ላይ ሲያየው «የታችኛው ሰፈር ሯጮች» የሚለው ተገልብጧል። ደነገጠ። እሷ ተሳስታ እሱ የደረሰላት መሰለውና አቃንቶ አተመው። እያንጎራጎረ ተኮሰው። ወረቀቱ የሚላጠው ሲቀዘቅዝ ስለሆነ ሁሉንም አንድ ላይ ደርድሮ ጠበቀ፤ ሲላጥ ጽሑፉ ተገልብጦ ወጣ፤ አሰልጣኙም ሯጮቹም ወንድምየውም እዚያው ነበሩ።

ያበላሸው ማንበብ ስለሚችል ነው። የማይችል ቢሆን ኖሮ እንዳለ ያትመው ነበር። ይሄን ለማን ይናገራል? ማን ይሰማዋል?

እትዬ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ቲሸርቶቹን አጣጠፈች፣ ከረጢት ውስጥ ከተተች፣ «ነገ በጠዋት ና፣ እንደገና እንሠራዋለን» አለችው፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ሙያውን ሳትሰስት አስተማረችው፤ የጥጡን እርጥበት አስቀድሞ በባዶ ማሽን ማስወጣትን፣ ሙቀቱን እንደ ጨርቁ መመጠንን። ዛሬ ሰው የሆነው በእሷ ነው፤ ይሄን አይክድም። ግን ውለታዋን ባሰበ ቁጥር ያቺ ቅዳሜ ትመጣበታለች። ሲሰደብ ዝም አለች። ለወንድምየው ቂም ያዘ፤ ለእሷ ደግሞ ቅያሜ።

የጓዳው በር ተከፈተና የሟቿ እናት በከዘራ ተደግፈው ወጡ። ሰው ሁሉ ተነሳላቸው።

«ቀኝ እጇ የትኛው ነው?» አሉ።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። «ማንን ነው እማማ? ካውያውን ነው?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«እኔ ካውያ የሚባል አላውቅም። ማሽን ላይ የሚሠራውን ነው።»

«እኔ ነኝ እማማ» አለና ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ቀና ሲል ከጥቁሩ ሹራባቸው ሥር ነጭ ቲሸርት አየ፤ ደረቱ ላይ ፊደሎቹ ከቀኝ ወደ ግራ ይሮጣሉ።

«ምን ታፈጣለህ? ሯጭ አልመስልም?»

«እማማ፣ ይሄ... እኔ ያበላሸሁት ነው። ተጥሎ የቀረ መስሎኝ።»

«ማን ይጥለዋል? ቤቱ በሙሉ ይሄንኑ ነው የሚለብሰው። ፀጉሬን ሳበጥር መስታወት ውስጥ ቀጥ ብሎ ይነበብልኛል።» ከዚያ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። «ያን ቀን ማታ ያ ወንዱ ልጄ ‹አባሪው!› ብሎ እራቱን አስጠልቶን ነበር። እሷ ብድግ ብላ ገባች፣ አንዱን ለብሳ ወጣች። ‹ማንበብ ባይችል ኖሮ መገልበጡን መች ያየው ነበር?› አለችው። ‹የተሳሳተው ስለሚያነብ፣ ለእኔም ስለሚያስብ ነው። ቀኝ እጄን ቆርጬ ልጣል?› አለችው። ከዚያ ወዲያ እዚህ ቤት በሌላ ስም ጠርታህ አታውቅም።»

«ለእኔ ግን አንድም ቀን...»

«እሷ መች ታወራለች ልጄ? እኔን እናቷንም እወድሻለሁ ብላኝ አታውቅም። ልብስ ይዛልኝ ትመጣለች እንጂ።»

አቀረቀረ። ለስንት ዓመት ብቻውን የተሸከመው ነገር ለካ ያን ቀን፣ ገና ሳይመሽ ገብቷታል። «በጠዋት ና» ያለችውም ለዚሁ ኖሯል።

«ካውያው» አለ ወንድምየው ከማዶ፣ ቤቱ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እማዬ ደረት ላይ ታነባለህ? ፊደል ለየህ ማለት ነው?»

አንድ ሁለቱ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። ፀጉር አስተካካዩ በአገጩ «በል እንጂ» አለው። መልሱ መጣ፤ ቃል ሳይጎድለው፣ እንደተሳለ መጣ። ካውያው ቀስ ብሎ ተነሳ። ጎንበስ ብሎ የእማማን እጅ ሳመ።

«እግዜር ያጽናዎት» አለና ወደ በሩ ሄደ።

ግቢው ውስጥ ገመዱ ላይ ልብስ ተሰጥቷል። ከዳር ያለው የእትዬ ነው፤ በመጨረሻ ለብሳው የነበረው፣ ያው ጽሑፍ ያለበት። አንዱ ሳያስብ ሕትመቱን ለፀሐይ አጋልጦ ሰቅሎታል። ቀለሙ እንዳይለቅ የታተመው ወደ ውስጥ ተደርጎ ነው የሚሰጣው፤ ይሄን ያስተማረችው እሷ ናት። ከኋላው አሁንም «ካውያው» እያሉ ይጠሩታል። መቆንጠጫዎቹን ነቀለ፣ ቲሸርቱን ገለበጠው፣ እጅጌዎቹን በመዳፉ አቃንቶ መልሶ ሰቀለውና ሄደ።