ጥላነሽ ያልፈረመችበት ወረቀት

ጥላነሽ ፊደል የቆጠረችው ሠላሳ ስምንት ዓመት ከሞላት በኋላ ነው። የከባድ መኪና ረዳት የነበረ ባሏን ተከትላ ከደሴ አሰብ ወረደች፤ ባሏ ሞተ፣ እሷ ቀረች። ወደብ ላይ የተቀደደ የእህል ጆንያ እየሰፋች ትኖር ነበር። ከሥራ መልስ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ በሠራተኞች ክበብ አዳራሽ የጎልማሶች ትምህርት ትማራለች።

መምህሯ ጋሽ ብርሃነመስቀል ከነዳጅ ማጣሪያው በጡረታ የወጡ ቴክኒሽያን ናቸው። ተረት አያስነብቡም። የመድኃኒት ወረቀት፣ ቁራጭ ጋዜጣ፣ ከግድግዳ የተገነጠለ ማስታወቂያ ያመጡና ተማሪውን ያፋጥጣሉ። አንድ ቀን ስለ ጋዝ ምድጃ አያያዝ የሚናገር ወረቀት ሰጧት።

"ዋናው ሐሳብ ምንድን ነው?"

"ስለ ምድጃ ነው፣ ጋሼ።"

"እሱማ ርእሱ ነው። ስለ ምድጃው ምን አለ?"

ጥላነሽ ወረቀቱን እንደገና ከላይ ጀመረች።

"እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ወዴት እንደሚጎትትሽ እዪ፤" አሏት። "አብዛኞቹ የሚወስዱሽ ቦታ ላይ ነው ዋናው ሐሳብ ያለው። እዚያ ስትደርሺ ደግሞ ጸሐፊው ለምን ጻፈው፣ ማንስ ይጠቀማል ብለሽ ጠይቂ።"

ይቺ ነገር ከልቧ ገባች።

ሐምሌ ደሴ ላይ ዝናብ ነው፤ አሰብ ላይ እሳት። የኤርትራ ነጻነት በታወጀ በሦስተኛው ዓመት ሐምሌ፣ ከአጠገቧ የምትሰፋው ሳምራ መርፌዋን እንደያዘች ጆንያው ላይ ተደፋች። ሳምራ አሰብ አጠገብ ያለችው የባሕር ዳር መንደር፣ የበይሉል ልጅ ናት፤ ሙቀት ብርቋ አይደለም። እሷን የጣለ ፀሐይ ሌላውን ይምራል? ተሸክመው ሆስፒታል አደረሷት።

በሦስተኛው ቀን ካቦው ፍቃዱ ከአሠሪያቸው ኮንትራክተር ቢሮ ወረቀትና የማኅተም ቀለም ይዞ መጣና ሴቶቹን ሰበሰበ።

"ድርጅቱ ለጤናችሁ አስቦ የጻፈው ነው፤" አለና ከላይ ከላይ አነበበላቸው፦ ውኃ በብዛት ጠጡ፣ ራሳችሁን ተከናነቡ፣ ከቀትር ፀሐይ ተጠንቀቁ። "በሉ፣ ስማችሁ ላይ አውራ ጣታችሁን እያሳረፋችሁ ወደ ሥራ።"

ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጠው ዘነበች ጣቷን ቀለም አስነካች።

"ቆዪ፣ እትዬ ዘነበች፤" አለች ጥላነሽ። "ፍቃዱ፣ ወረቀቱን ስጠኝ፣ ላንብበው።"

"አነበብኩት እኮ!"

"ግማሹን ነው ያነበብከው። ከሥርም ጽሑፍ አለ።"

ፍቃዱ ሳቀ፤ ግን ሃያ ሁለት ሴት እያየው ሊከለክላት አልደፈረም። ጥላነሽ ቁጭ አለችና በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ቀርፋፋ አንባቢ ናት፤ ሴቶቹ ጠበቋት። ከዚያ የታችኛውን ጽሑፍ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው፦ ይህን ምክር የሰማ ሠራተኛ ቢታመም ጥፋቱ የራሱ ነው። ድርጅቱ ስለ ሕክምናው አይጠየቅም። ከዚህ በፊት በሙቀት የወደቁትም ምክር ያልሰሙ ናቸው።

"ማን መክሯት ነው ሳምራ ያልሰማችው?" አለች አንዷ ከኋላ።

"ርእሱ 'ሙቀትና ጤናችን' ይላል፤" አለች ጥላነሽ። "ስለ ውኃና ስለ ፀሐይ ያለው ሁለት መስመር ነው። የቀረው በሙሉ 'ጥፋቱ የናንተ ነው' ወደሚለው ነው የሚጎትተን። ይህ ሰው የጻፈው እኛን ከሙቀት ሊያድን አይደለም። ድርጅቱን ከሳምራ ሊያድን ነው።"

"ማንበብ ቻልሽና ጠበቃ ሆንሽ?" አለ ፍቃዱ።

"የተጻፈውን ነው ያነበብኩት። ውኃ ጠጡ ይላል፤ በርሜሉ ያለው ዋናው በር ላይ ነው፣ ተነሥተን ስንሄድ የምትጮኸው አንተ ነህ። ከፀሐይ ተጠንቀቁ ይላል፤ ጥላው የታለ?"

"ካልፈረምሽ ነገ ሥራ የለሽም።"

"አልፈርምም።"

ዘነበች ጣቷን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ ጆንያዋ ተመለሰች። ሌሎቹም ተከተሏት።

ጥላነሽ ወረቀቱን አጣጥፋ ጋሽ ብርሃነመስቀል ዘንድ ወሰደችው። አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሐሳቡን በትክክል አግኝተሽዋል። ግን ልጄ፣ ጊዜው ጥሩ አይደለም። እኛ ዛሬ እዚህ አገር እንግዶች ነን። ዝም ብትዪስ?"

"ጋሼ፣ ጸሐፊው ለምን ጻፈው ብለሽ ጠይቂ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ዝም እንድል ከሆነ ለምን አስተማሩኝ?"

ሽማግሌው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ወንበርም ሳቡላት። "ተቀመጪ። ፊደሉን አርምልሻለሁ፤ ቃሉ ግን ያንቺ ይሁን።"

በወረቀቱ ጀርባ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ "እኛ ጆንያ ሰፊዎች ይህን አንፈርምም። በምንሰፋበት ቦታ የውኃ በርሜልና የሸራ ጥላ ይደረግልን። ሳምራን የጣላት የጥላ እጦት እንጂ የምክር እጦት አይደለም።" ሁለቱንም ገጽ ደብተሯ ላይ ገለበጠች። በማግሥቱ ጠዋት ሴቶቹ ጣታቸውን የእስክሪብቶ ቀለም እየቀቡ ከሥሩ አሳረፉ፤ ወረቀቱም ወደ ቢሮ ተላከ።

ሥራ አስኪያጁ አስጠራት።

"ማን ነው የጻፈው?"

"እኔ ነኝ።"

"ምን ፈልገሽ ነው?"

"የምንፈልገው ተጽፏል፣ ጌታዬ። ሦስት መስመር ነው፤ ያንብቡት።"

ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ በእጁ ውጪ አላት።

በሳምንቱ በርሜሉ መጣ፤ ሸራውም ተወጠረ። ያ ወረቀትም ዳግመኛ አልታየም። ጥላነሽን ግን ከስፌት አንሥተው የፈሰሰ እህል ጠራጊ አደረጓት፤ ሸራው የማይደርስበት ጥግ። ፍቃዱ መጥታ ትለምነኛለች ብሎ ጠበቀ። አልሄደችም። መጥረጊያዋን ይዛ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ጠረገች።

ሳምራ ከሆስፒታል ስትወጣ ወደ ወደቡ አልተመለሰችም። በይሉል ያለች እኅቷ ዓሣ ታደርቃለች፤ ወደሷ ልትሄድ ወሰነች። በሄደችበት ዕለት ጥላነሽ ቤት ጎራ አለች።

"እትዬ፣ ስለ እኔ የተጻፈውን አንብቢልኝ።"

"የነሱን ወይስ የኛን?"

"ሁለቱንም።"

ጥላነሽ ደብተሯን አውጥታ አነበበችላት። በመጀመሪያው ሳምራ በአፋርኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ጥላነሽ ባይገባትም እርግማን መሆኑን አልሳተችውም። ሁለተኛውን ስትጨርስ ሳምራን የሚወስዳት መኪና ደጅ ላይ ጥሩምባውን ይነፋ ነበር።

"እሱን ድገሚልኝ፤" አለች ሳምራ።

ጥላነሽ ደገመችላት።